መድኃኒት የለመዱ ጀርሞች በፍሳሽ እንዴት ይዛመታሉ?

አዲስ አበባን ያየ ሰው መርካቶን ያውቃል። መርካቶን ያወቀ ደግሞ ሲኒማ ራስን አይስትም። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከሲኒማ ቤቱ ነው። ወደዚያ የምንሄደው ግን ሁላችንም ሲኒማ ለማየት አይደለም። እህል በረንዳ እህል ያወረደ፣ በርበሬ በረንዳ በርበሬ የሸጠ፣ ሸማ ተራ ለበዓል ልብስ የሚገዛ፣ ምናለሽ ተራ ያገለገለ ዕቃ የሚፈልግ፣ ሁሉም በዚያ አካባቢ ይተላለፋል።

ገበያ ማለት ሰው ከሰው፣ ዕቃ ከዕቃ የሚገናኝበት ቦታ ነው። በሲኒማ ራስ የሚገናኘው ግን በዓይን የምናየው ብቻ አይደለም። በዓይን የማይታዩ ጀርሞችም ከሰው ወደ ሰው፣ ከሽንት ቤት ወደ ቱቦ፣ ከቱቦ ወደ ወንዝ ይጓዛሉ። ከእነዚህ ጀርሞች መካከል መድኃኒት የለመዱ አሉ። እነዚህ ጀርሞች ምን ዓይነት ናቸው? ከሆስፒታል ወጥተው በፍሳሽ የሚዛመቱትስ እንዴት ነው? እኛስ ምን ልናደርግ እንችላለን? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ እ.ኤ.አ. ብለን የምንጽፈው ዘመን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጀርም ምንድን ነው?

ጀርም በዓይን የማይታይ፣ ማይክሮስኮፕ በሚባል ማጉያ መሣሪያ ብቻ የሚታይ፣ ሕይወት ያለው ረቂቅ ነገር ነው። የጀርም ዓይነት ብዙ ነው። አሁን የምንነጋገረው ባክቴሪያ ስለሚባሉት ነው።

ባክቴሪያ ሁሉ ጠላት አይደለም። ወተት የሚረጋው፣ ፍግ የሚበሰብሰው በባክቴሪያ ሥራ ነው። በአንጀታችን ውስጥም ብዙ ባክቴሪያ ሳይጎዳን ይኖራል። ሌሎቹ ግን የሳንባ ምች፣ የደም ተቅማጥ፣ ታይፎይድ፣ የሳንባ ነቀርሳና የወሊድ ትኩሳት ያመጣሉ። ቁስልንም ያመረቅዛሉ።

ባክቴሪያ የሚራባው ለሁለት እየተከፈለ ነው። ምግብና ሙቀት ከተመቸው አንዳንዱ በየ20 ደቂቃው ይከፈላል። አንድ የነበረው በ20 ደቂቃ 2፣ በ40 ደቂቃ 4፣ በአንድ ሰዓት 8 ይሆናል። በዚህ ዓይነት በ7 ሰዓት ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ይደርሳል። ማታ አንድ ሆኖ የገባ ሌሊቱ ሳይነጋ ሠራዊት ይሆናል ማለት ነው።

አንቲባዮቲክ ምን ይሠራል?

ባክቴሪያን የሚገድሉ ወይም እንዳይራባ የሚያግዱ መድኃኒቶች አንቲባዮቲክ ይባላሉ። ፔኒሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ አሞክሳሲሊን፣ ቴትራሳይክሊን የሚባሉትን ብዙዎቻችን በስም እናውቃቸዋለን። በክኒን፣ በእንክብል፣ በሽሮፕ ወይም በመርፌ ይሰጣሉ።

ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ የተባለ የስኮትላንድ ተወላጅ ሐኪም ነው። ከዚያ በፊት እሾህ የወጋው ሰው ቁስሉ አመርቅዞ ሊሞት ይችል ነበር። ልጅዋን በሰላም የተገላገለች እናትም በወሊድ ትኩሳት ልትሞት ትችል ነበር። አንቲባዮቲክ ሲመጣ ግን ብዙ ሕይወት ተረፈ። ይሁን እንጂ ፍሌሚንግ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል አንድ ነገር አስጠንቅቋል። መድኃኒቱን ከሚገባው መጠን አሳንሶ መውሰድ ጀርሙን መድኃኒት እንደሚያለማምደው ተናግሯል። የፈራውም ደርሷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። አንቲባዮቲክ የሚሠራው በባክቴሪያ ላይ ነው። ጉንፋን የሚመጣው ግን ቫይረስ ከሚባል ሌላ ዓይነት ጀርም ነው። ለጉንፋን አንቲባዮቲክ መዋጥ ለአረም የተገዛን መድኃኒት ለአንበጣ እንደ መርጨት ነው። አንበጣው አይሞትም፤ ገንዘቡም በከንቱ ይቀራል።

ጀርም መድኃኒት የሚለምደው እንዴት ነው?

«ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው» ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ነገሩ እንዲህ አይደለም። መድኃኒቱን የሚለምደው ጀርሙ ነው እንጂ የበሽተኛው ሰውነት አይደለም። እንዲያውም በዕድሜው አንድ ክኒን ቀምሶ የማያውቅ ሕፃን መድኃኒት በለመደ ጀርም ሊታመም ይችላል። ጀርሙ መድኃኒቱን የለመደው በሌላ ሰው ሰውነት ውስጥ ነውና።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ከእርሻችን ምሳሌ እንውሰድ። ጎበዝ ገበሬ ለዘር የሚሆነውን እህል ዝም ብሎ ከጎተራ አይዝቅም። ዋግ ያልመታውን፣ ድርቅ የቻለውን ለይቶ ያስቀምጣል። በሚቀጥለው ዓመት ያንን ይዘራል። ከዓመት ዓመት እንዲህ ሲያደርግ ማሳው በጠንካራ ዘር ይሞላል።

በበሽተኛ ሰውነት ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። በሚሊዮን ከሚቆጠሩት ጀርሞች ጥቂቶቹ ከሌሎቹ ጠንከር ያሉ ይሆናሉ። መድኃኒቱ ሲገባ ደካሞቹ ቀድመው ይሞታሉ። በሽተኛውም ሻል ይለዋል። «አሁንማ ድኛለሁ» ብሎ ለሰባት ቀን የታዘዘለትን በሁለት ቀኑ ያቆማል። የቀረውን ክኒን ለሌላ ጊዜ በቁራጭ ጨርቅ ቋጥሮ ያስቀምጣል። በሰውነቱ ውስጥ የተረፉት ግን እነማን ናቸው? ጠንካሮቹ ናቸው። ቦታውም ምግቡም ለእነሱ ተለቀቀላቸው። እየተራቡ ይሞሉታል። እኛ ለማሳችን ዘር እንደምንመርጥ ሁሉ ይህም ሰው ሳያውቀው ለበሽታው ዘር መረጠለት።

መድኃኒት በትክክል ሲወሰድም ይህ ነገር በመጠኑ መኖሩ አይቀርም። ስለዚህ አንቲባዮቲክ በሚያስፈልግበት ጊዜ በሚገባ እንውሰድ፤ በማያስፈልግበት ጊዜ ጨርሶ አንንካው።

ነገሩን የሚያከፋው ሌላም አለ። መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ይህንን ችሎታውን ለልጆቹ ከማውረስ አልፎ ለጎረቤቱም ይሰጣል። ፊደል የቆጠረ ሰው ያወቀውን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ለጎረቤቱ እንደሚያቀብል እንቁጠረው። ጎረቤቱም ገልብጦ ለሌላው ይሰጣል። ባክቴሪያም መድኃኒት የሚያሸንፍበትን ዘዴ የያዘች ረቂቅ ቅንጣት አባዝቶ አጠገቡ ላለው ባክቴሪያ ያቀብላል። ተቀባዩ የሌላ ወገን ባክቴሪያ ሊሆንም ይችላል። በአንጀት ውስጥ ያለ ጉዳት የሌለው ባክቴሪያ ዘዴውን ለተቅማጥ ጀርም ሊሰጥ ይችላል ማለት ነው። ይህ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በጃፓን አገር የደም ተቅማጥ በሚያመጡ ጀርሞች ላይ ተገኘ። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በአዲስ አበባ የተደረጉ ምርመራዎች የተቅማጥ ጀርሞች ብዙ መድኃኒት እንደለመዱ አሳይተዋል።

ሆስፒታል ለምን?

ሆስፒታል ሕይወት የሚድንበት ቦታ ነው። እንደ ጥቁር አንበሳና እንደ ጳውሎስ ወዳሉት የአዲስ አበባ ሆስፒታሎች ከየክፍለ ሀገሩ በሽታው የጠናበት ሰው ይላካል። በጠና የታመመ ሰው ብዙና ጠንካራ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ስለዚህ በየትም አገር ቢሆን ሆስፒታል በሽተኛም፣ ጀርምም፣ አንቲባዮቲክም በአንድ ጣሪያ ሥር የሚገናኙበት ነው። ደካማው ጀርም እዚያ አይቆይም። የሚቆየው መድኃኒት የለመደው ነው።

የተዋጠ መድኃኒት ደግሞ ሁሉም በሰውነት ውስጥ አያልቅም። አሞክሳሲሊንን ብንወስድ ከግማሽ በላይ የሚሆነው መድኃኒትነቱ ሳይጠፋ በሽንት ይወጣል። ጀርሙም በሰገራ ይወጣል። የቁስል እጥበት፣ የአልጋ ልብስ እጥበት፣ የወለል እጥበት ሁሉ ተደምሮ ወደ ሆስፒታሉ ቱቦ ይገባል። በዚያ ፍሳሽ ውስጥ የመድኃኒት ርዝራዥና መድኃኒት የለመደ ጀርም አብረው ይጓዛሉ። ርዝራዡ ጀርምን ሁሉ ለመግደል አይበቃም። ደካሞቹን ገድሎ ጠንካሮቹን ለመምረጥ ግን ይበቃል። ቱቦው ራሱ የዘር መምረጫ አውድማ ሆነ ማለት ነው።

ይህን ስንል ሆስፒታል አትሂዱ ማለታችን አይደለም። በሽታ ሲጠና ከሆስፒታል የተሻለ መሄጃ የለም። የምንለው የሆስፒታሉ ፍሳሽ ሳይጣራ ከግቢው መውጣት የለበትም ነው።

ከሲኒማ ራስ ወደ ወንዝ፣ ከወንዝ ወደ ገበያ

እስቲ አንድ ሰው እናስብ። ይህ ሰው ገበሬ ነው እንበል። እግሩ ቆስሎ አመረቀዘና ወደ አዲስ አበባ ተላከ። ከትልልቆቹ ሆስፒታሎች በአንዱ ተኝቶ ታከመ። ቁስሉ ዳነለት። ነገር ግን ለቀጠሮ ሁለት ሳምንት መቆየት አለበት። በሲኒማ ራስ አካባቢ አልጋ ተከራየ። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ሽንት ቤት አለ፤ እሱም በዚያው ይጠቀማል። ሰውየው ምንም አያመውም፤ ይበላል ይጠጣል። በአንጀቱ ውስጥ ግን ከሆስፒታል ይዞት የወጣው መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ አለ። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አለ። ስለዚህ ጀርሙ የሚወጣው በሆስፒታል ቱቦ ብቻ አይደለም። በሰው እግርም ይወጣል።

አሁን ደግሞ ፍሳሹ ወዴት እንደሚሄድ እንከተለው። በአዲስ አበባ ከፊሉ ፍሳሽ በትልልቅ ቱቦ ወደ ቃሊቲ ማጣሪያ ጣቢያ ይወርዳል። ይህ ጣቢያ በቅርብ ዓመታት ተስፋፍቶ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ ተሠርቷል። አንድ ሜትር ኩብ 5 በርሜል ነው። ስለዚህ በቀን 500 ሺህ በርሜል ማለት ነው። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም የከተማው ቤት ሁሉ ከዚያ ቱቦ ጋር አልተገናኘም። ጉድጓድ ሽንት ቤት የሚሞላበት፣ የሚያፈስበት፣ ክረምት ሲገባ ከጎርፍ ጋር የሚወጣበት ሰፈር ብዙ ነው። የጎርፉ መሄጃ ደግሞ ወንዝ ነው።

የከተማው ወንዞች ተጠራቅመው ወደ ትልቁ አቃቂና ወደ ትንሹ አቃቂ ይገባሉ። ሁለቱ አቃቂዎች በአባ ሳሙኤል ግድብ ይገናኛሉ። ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። አዋሽ ባሕር አይደርስም። አገር ለአገር ሄዶ ሄዶ በአፋር ምድር ይቀራል። በዚህ መንገድ ሁሉ ሰው ይቀዳበታል፣ ከብት ይጠጣበታል፣ አትክልት ይለማበታል።

በአቃቂ ዳርና ዳር ገበሬዎች ከወንዙ ውሃ እየጠለፉ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ካሮት ያመርታሉ። አትክልቱ ለከተማው ገበያና ለጉሊት ይቀርባል። እንግዲህ እናስተውል። ከከተማ በቱቦ የወጣው ጀርም በጎመን ቅጠል ተጭኖ ተመልሶ ወደ ከተማ ሊገባ ይችላል። ሆስፒታልና ማሳ የማይገናኙ ይመስለን ነበር። ውሃ ግን ያገናኛቸዋል።

ተመራማሪዎች ምን አገኙ?

«ይህ ሁሉ ግምት ነው ወይስ የታየ ነገር ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም የታየ ነገር ነው የሚል ነው። ሦስት ማስረጃዎችን እንይ።

አንደኛው በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሆስፒታል ፍሳሽና ከሆስፒታል ውጭ ካለ ፍሳሽ ቀድተው መረመሩ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2014 አወጡ። ከሆስፒታሉ ፍሳሽ 65 ባክቴሪያዎችን ለይተው ነበር። ከ65ቱ 53ቱ ብዙ ዓይነት መድኃኒት የለመዱ ሆኑ። ከሆስፒታል ውጭ ካለው ፍሳሽ ደግሞ 48 ባክቴሪያዎችን ለዩ። ከ48ቱ 26ቱ እንዲሁ ብዙ መድኃኒት የለመዱ ናቸው። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። የሆስፒታል ፍሳሽ የባሰ ነው። ነገር ግን ከሆስፒታል ውጭ ያለውም ንጹሕ አይደለም፤ ከግማሽ በላይ ለምዷል። ጥፋቱ የሆስፒታል ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ሁለተኛው የሐዋሳ ነው። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል ፍሳሹን በተከታታይ ኩሬዎች ያጣራ ነበር። ፍሳሹ ከአንዱ ኩሬ ወደ ሌላው ቀስ እያለ ሲያልፍ ቆሻሻው ይዘቅጣል፤ ፀሐይም ብዙውን ጀርም ይገድላል። ስለ ኩሬዎቹ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት ከሰገራ ከሚመጡት ባክቴሪያዎች ከመቶ 99 የሚሆኑት በኩሬው ውስጥ ጠፍተው ተገኙ። ሲሰሙት ያስደስታል። ነገር ግን ሒሳቡን እንሥራው። ከአንድ ሚሊዮን ጀርም ከመቶ አንዱ ቢቀር 10 ሺህ ጀርም ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ውሃው ለመስኖ ገና አይሆንም አሉ። ኩሬ መሥራቱ ብዙ ይረዳል፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

ሦስተኛው ከሕንድ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት በኒው ዴልሂ ከተማ በየመንገዱ ከታቆረ ውሃ 171 ናሙና ተወሰደ። በ51ዱ ውስጥ በጣም ጠንካራ መድኃኒቶችን የሚያሸንፈው ዘዴ ተገኘ። ከ50 የቧንቧ ውሃ ናሙና ደግሞ በ2ቱ ተገኘ። ያ ዘዴ ቀደም ብሎ የታወቀው በሆስፒታል በሽተኞች ላይ ነበር።

ለእኛ ምን ያገባናል?

«ይህ የከተማ ጣጣ ነው፤ እኔን ምን አገባኝ?» የሚል ገበሬ ሊኖር ይችላል። በሦስት ምክንያት ያገባዋል።

መጀመሪያ፣ ጀርሙ ወደ ማንም ቤት ሊገባ ይችላል። መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ በአንጀት ውስጥ ዝም ብሎ ወራት ሊቆይ ይችላል። ሰው ሲደክም፣ ሲቆስል፣ ሴት ስትወልድ፣ ሕፃን ሲታመም ግን ይነሣል። ያን ጊዜ ጤና ጣቢያ ያለው መድኃኒት አይሠራም። ሌላ መድኃኒት ይፈለጋል። ሌላው ደግሞ ውድ ነው፤ በቅርብም አይገኝም። በሬ ተሽጦ፣ መንገድ ተኪዶ፣ ሳይደረስበት የሚቀር ሕይወት አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በለመደ ባክቴሪያ ሰበብ በዓለም 1 ሚሊዮን 270 ሺህ ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ተመራማሪዎች አስልተዋል። ችግሩ የባሰውም ከሰሐራ በረሃ በታች ባለው የአፍሪካ ክፍል ነው።

ሁለተኛ፣ አትክልትና ወተት ለከተማ የምናቀርበው እኛ ነን። በወንዙ የሚጠቀመውም ከብቶቹን የሚያጠጣውም ገበሬ ነው።

ሦስተኛ፣ ጀርሙን ከሚያለማምዱት መካከል እኛም አለንበት። ለገበያ ስንወጣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ «ሁለት ፍሬ ካፕሱል ስጠኝ» ብሎ መግዛት የተለመደ ነው። የጎረቤትን ትራፊ ክኒን መዋጥም አለ። ላም ስትታመም ከሱቅ መርፌ ገዝቶ በግምት መውጋትም አለ። ለከብት የሚሰጠው ኦክሲቴትራሳይክሊን ከሰው ቴትራሳይክሊን ጋር አንድ ወገን ነው። በከብት ላይ የለመደ ጀርም በሰው ላይ ያለውን መድኃኒትም አይፈራም። ከተማ ወደ ገጠር ይልካል፤ ገጠርም ወደ ከተማ ይልካል። የመድኃኒት ኃይል እንደ ወል ምንጭ ነው። አንዱ ቢያደፈርሰው ሁሉም ድፍርስ ይጠጣል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ደስ የሚል ነገር አለ። መድኃኒት የለመደ ጀርም እሳትን አልለመደም። የፈላ ውሃ እንደ ማንኛውም ባክቴሪያ ይገድለዋል። ሳሙናና ውሃም ከእጅ ላይ ጠርጎ ያወጣዋል። ስለዚህ ጥንት የምናውቀው ንጽሕና ዛሬም ከሁሉ የበለጠ መከላከያ ነው።

በቤታችን፦ የምንጠጣውን ውሃ እናፍላ፤ ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለ ማከሚያ በታዘዘው መጠን እናክም። ከሽንት ቤት ስንመለስ፣ ምግብ ከመሥራታችንና ከመብላታችን በፊት፣ ሕፃን ካጸዳን በኋላ እጃችንን በሳሙና እንታጠብ። ጎመንና ቆስጣ በደንብ ይብሰል። ሰላጣን የመሰለ ጥሬውን የሚበላ ነገር በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ይታጠብ። ወተት ይፍላ። ሽንት ቤት ይቆፈር፤ ከምንጭና ከወንዝም ይራቅ።

በመድኃኒት ላይ፦ አንቲባዮቲክ የሐኪም ትእዛዝ ሳይኖር አንግዛ። የታዘዘልንን በታዘዘው መጠንና ሰዓት፣ እስከ ታዘዘው ቀን እንውሰድ። ሻል ስላለን አናቁም። የራሳችንን ለሌላ አንስጥ፤ የሌላውንም አንውሰድ። ትራፊ ካለ ወደ ሽንት ቤት ወይም ወደ ወንዝ አንጣል፤ ጤና ጣቢያ ወስደን እንዴት እንደሚወገድ እንጠይቅ። ሕፃን ውሃ ውሃ የሚል ተቅማጥ ሲይዘው ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው አንቲባዮቲክ አይደለም። የሚያስፈልገው የወጣውን ውሃ የሚተካ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ነው። ተቅማጡ ደም ካለበት፣ ወይም ሕፃኑ ከደከመና መጠጣት ካቃተው ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

በእርሻና በከብት ላይ፦ ከከተማ በታች ባለ ወንዝ የምናለማ ከሆነ ውሃውን በቅጠሉ ላይ ከመርጨት በቦይ ወደ ሥሩ ብናስገባው ይሻላል። አትክልቱ ከመሰብሰቡ በፊት ጥቂት ቀናት ውሃ ብናቆም በቅጠሉ ላይ ያለው ጀርም በፀሐይ ይቀንሳል። የተሰበሰበውን አትክልት በዚያው ወንዝ አንጠብ። ሥራ ስንሠራ ቦት ጫማ እናድርግ። ከብት ሲታመም የእንስሳት ሐኪም እንጥራ። መድኃኒት የተሰጣት ላም ሐኪሙ የወሰነው ቀን እስኪያልፍ ድረስ ወተትዋ አይጠጣ፣ አይሸጥ።

በማኅበር፦ አንድ ሰው ብቻውን ወንዝ አያጸዳም። በእድራችን፣ በቀበሌያችን ስብሰባ ነገሩን እናንሣ። የፈነዳ ቱቦ ሲታይ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት እናመልክት። በአካባቢያችን ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ሲሠራ «ፍሳሹ ወዴት ይሄዳል? የት ይጣራል?» ብለን እንጠይቅ። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ውሃው የሁላችንም ነውና መብታችን ነው። ሐኪም በበኩሉ ሳያስፈልግ ባያዝዝ፣ መድኃኒት ሻጭም ያለ ትእዛዝ ባይሸጥ፣ ሆስፒታልም ፍሳሹን አጣርቶ ቢለቅ፣ ሁሉም ድርሻውን ተወጣ ማለት ነው።

እናስታውስ

1. መድኃኒት የሚለምደው ጀርሙ ነው እንጂ ሰውነታችን አይደለም።
2. መድኃኒትን ሳይጨርሱ ማቆም ለበሽታ ዘር መምረጥ ነው።
3. የለመደ ጀርም ዘዴውን ለሌሎች ጀርሞች ያስተላልፋል።
4. ጀርሙ ከሆስፒታል በፍሳሽም በሰውም ይወጣል፤ በወንዝና በአትክልት ወደ ቤት ሊመለስ ይችላል።
5. የለመደ ጀርምም ቢሆን በፈላ ውሃ ይሞታል፤ በሳሙና ይታጠባል።

ተነጋገሩበት

ሀ. በመንደራችሁ የታዘዘለትን መድኃኒት ሳይጨርስ የሚተው ሰው አለ? የሚተወው ለምንድን ነው?
ለ. የምትቀዱት ውሃ ከየት ይመጣል? ከእናንተ በላይ ማን ይጠቀምበታል? ከእናንተ በታችስ?
ሐ. በቅርባችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ፍሳሹን የት ያደርሳል? ይህን ለማወቅ ማንን ትጠይቃላችሁ?